«ዝም ብለሽ እይው፣ እጅሽ ያውቃል» አሉኝ፤ እጄ ግን አያውቅም

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። 31 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ከ3 ወር በፊት ማነጣጠሪያ የሌለው የእንጨት ሪከርቭ ቀስት (ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ) ገዛሁ። ላዩ ላይ 40 ፓውንድ ይላል። ቪዲዮ ላይ የማያቸው ሁሉ «አታነጣጥሪ፣ ዒላማውን ብቻ እይው፣ በደመ ነፍስ ልቀቂው» ነው የሚሉት። አንዳንድ ቀን ስድስቱም ፍላጻ ተጠጋግቶ ይገባል። በማግስቱ ያው እኔ፣ ያው ቀስት፣ ፍላጻው ግን ወደ ግራና ወደ ታች ይሄድብኛል። ቀኝ እጅ ነኝ፤ የምወረውረው ከ20 ሜትር ነው። ይሄ ደመ ነፍስ የሚባለው ነገር ለአንዳንድ ሰው ብቻ የተሰጠ ነው? ወይስ ማነጣጠሪያ ልግጠምበት?

መልስ፦ ሰላም እኅቴ። ማነጣጠሪያውን ለጊዜው ተዪው። ችግርሽ እሱ አይደለም። ብትገጥሚውም ፍላጻሽ ወደ ግራና ወደ ታች መሄዱን አይተውም። ልዩነቱ ያን ጊዜ የምትናደጂው በማነጣጠሪያው ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያሳሳተሽ ቃሉ ይመስለኛል። በእኛ አነጋገር ሰው በደመ ነፍስ የሚሮጠው ጅብ ሲያባርረው ነው። ሳይማር፣ ሳያስብ፣ እግሩ ወዳደረሰው። ቀስት እንዲህ አይደለም። ቀስት መገተር እያወቀ የተወለደ ሰው የለም። ለእኔ ቢተውልኝ «እጅ በለመደው» ብዬ ነበር የምጠራው።

ቡና የምታፈዪ ከሆነ ነገሩን ታውቂዋለሽ። ጀበናውን ከፍ አድርገሽ ስትቀጂ ዐይንሽ ሲኒው ላይ ነው። የጀበናውን አፍ አታዪም። ቀጭኗ መስመር ጎበጥ ብላ ወርዳ ሲኒው ውስጥ ትገባለች። የመጀመሪያ ሰሞን ግን ረከቦቱን አጥለቅልቀሽዋል፤ እናትሽም ሳይቆጡሽ አልቀሩም። አሁን እንግዳ እያወራሽ ትቀጃለሽ። እንዴት መጣ? ጀበናው በየቀኑ ያው ጀበና ነው፤ አያያዝሽም አንድ ነው። ዐይንሽ የት እንደፈሰሰ አየ፣ እጅሽ ትንሽ አስተካከለ፣ በቃ። ጀበናው በየቀኑ ቢቀያየርብሽ ግን ዐይንሽ ምን ቢያይ እጅሽ አይለምድም ነበር።

አንቺ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ጀበናው በየቀኑ እየተቀያየረብሽ ነው። አንድ ቀን ገመዱን እስከ ከንፈርሽ ዳር ትስቢያለሽ፣ በማግስቱ ሁለት ጣት ያህል ሳይደርስ ትለቂዋለሽ። ይሄን ሳላይሽ እንዴት እንዳወቅኩ እነግርሻለሁ።

በፊት ግን በቃላት እንግባባ። እኛ «ቀስት» ስንል አንዳንዴ እንጨቱን፣ አንዳንዴ የሚወረወረውን ነው። እዚህ ቀስት ያልኩት እንጨቱን ነው። የሚሄደው ፍላጻ ነው። ፍላጻው ጭራ ላይ ገመዱ የሚገባባት ስንጥቅ ኖክ ትባላለች።

አሁን ወደ ግራና ወደ ታች። ቀስትሽ ላይ የተጻፈው 40 ፓውንድ ገመዱ 28 ኢንች ሲሳብ ያለው ክብደት ነው። መለኪያው ለአብዛኛው ሪከርቭ ቀስት እንዲህ ነው። አብዛኛው ሴት ግን 28 ኢንች አይስብም። አንቺ 26 ኢንች ብትስቢ፣ እያንዳንዷ ኢንች ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ስለምትቀንስ፣ ጣቶችሽ ላይ ያለው 35 ፓውንድ አካባቢ ነው። ይሄም ለጀማሪ ብዙ ነው። እኔ አዲስ ሴት ተማሪ ሲመጣልኝ ከ20 እስከ 25፣ ለወንዱ ከ25 እስከ 30 ነው የማስይዘው። ወንዶቹ ይከፋቸዋል። አንዱማ «የልጅ ቀስት ነው የሰጠኸኝ» ብሎኝ ያውቃል።

እኔ ራሴ የባስኩ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀስቴ 50 ፓውንድ ነበር። ሻጩ «ትከሻህ ሰፊ ነው፣ ትችለዋለህ» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። አንድ ዓመት ሙሉ ትከሻዬን እያሸሁ ነው ያሳለፍኩት። ያ ዓመት ያስተማረኝ ቶሎ መልቀቅን ብቻ ነው። ያንን ለመርሳት ደግሞ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

የከበደ ቀስት የሚያደርገው ይሄ ነው። ስድስት ሰባት ፍላጻ እስኪሄድ ጉልበት አለሽ። ከዚያ ሰውነትሽ ሳያማክርሽ መስነፍ ይጀምራል። ገመዱ መድረስ ያለበት ቦታ ሳይደርስ ጣቶችሽ ይለቁታል። ወይም ደርሶ፣ ሊለቀቅ ሲል ትንሽ ወደ ፊት ይሾልካል። አጭር የተሳበ ቀስት ጉልበቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ፍላጻው ዝቅ ይላል። «ታች» የሚለው ተፈታ ማለት ነው። ደህና የገባልሽ ቀን ምናልባት እረፍት ላይ ቆይተሽ የሄድሽበት ቀን ይሆናል። እስቲ አስታውሺ።

«ግራ» የሚለው ትንሽ ረዘም ይላል። ፍላጻ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ገመዱ ከኋላ ሲገፋው ይጎብጣል። እንደ እባብ እየተጣጠፈ የቀስቱን እንጨት ዞሮ ያልፍና ከዚያ ይቃናል። በ1930ዎቹ ክላረንስ ሂክማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ይሄን በግልጽ አሳይቷል። እና ፍላጻው የመጉበጡ ልክ ከቀስቱ ጉልበት ጋር መመጣጠን አለበት። ድርቅ ያለ ፍላጻ ከሆነ እንጨቱን ዞሮ ማለፍ ያቅተዋል፤ ለቀኝ እጅ ሰው ወደ ግራ ይሄዳል። በጣም ልምሾ ከሆነ ወደ ቀኝ።

ፍላጻሽ ላይ 400፣ 500፣ 600 የሚል ቁጥር ይኖራል። ድርቀቱን የሚናገረው እሱ ነው። ፍላጻውን በ28 ኢንች ርቀት ሁለት ቦታ ላይ ያስደግፉትና መሐሉ ላይ 880 ግራም ያንጠለጥሉበታል። 500 የተባለው ግማሽ ኢንች ይጎብጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ፍላጻው ይደርቃል። ሻጩ «40 ፓውንድ» የሚለውን ብቻ አይቶ 500 ሰጥቶሽ ከሆነ፣ ለአንቺ 35 ደረቅ ነው። ጭራሽ ሳትጨርሺ ስትለቂው ደግሞ 30 ሆኖ ይብስበታል። የግራው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ሌላም አለ፤ ዐይን። ከሁለቱ ዐይናችን አንዱ የበላይ ነው፤ ስናይ አቅጣጫውን የሚመራው እሱ ነው። የአንቺ የትኛው እንደሆነ እንፈትሽ። ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ በአውራ ጣቶችሽና በመዳፎችሽ መሐል ትንሽ ቀዳዳ ሥሪ። ሁለቱንም ዐይን ከፍተሽ በቀዳዳዋ ውስጥ ግድግዳው ላይ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ እዪ። ከዚያ ግራ ዐይንሽን ጨፍኚ። ማብሪያው እዚያው ካለ የበላዩ ዐይንሽ ቀኙ ነው፤ እሰየው። ከጠፋ ግን የበላዩ ግራው ነው። ቀኝ እጅ ሆኖ የበላዩ ዐይኑ ግራው የሆነ ሰው ፍላጻው ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ የግራ እጅ ቀስት እንድትይዢ ነው የምመክረው። በ3 ወር ገና ምንም አልለመድሽም፣ አይቆጭሽም። ሰዉ ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል። ግን ሁለት ሳምንት ነው የሚከብደው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ገመዱ በክር የተገመደ ስለሆነ ከጊዜ ጋር ይላላል። ቀስቱን በወጠርሽ ቁጥር ከእጀታው እስከ ገመዱ ያለውን ርቀት ለኪው። አምራቹ ስንት እንዲሆን እንደሚፈልግ ከቀስቱ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ አለ። ከቀነሰ ገመዱን ጥቂት አክርሪው። ቀስቱ በየቀኑ የተለየ ጠባይ የሚያሳየው አንዳንዴ በዚህ ነው። ከእጀታው በላይ ያለው እንጨት ላይ በቀጥታ አስደግፈሽ የምትወረውሪ ከሆነ ደግሞ ፍላጻው የእውነት ላባ ያለው ይሁን። የፕላስቲክ ላባ ግን እንጨቱን ሲነካ አይተኛም፣ ፍላጻውን ያስፈነጥረዋል።

አሁን ሥራው። የምመክርሽ አሰልቺ ነው።

25 ፓውንድ የሆነ ቀስት ተዋሺ ወይም ተከራዪ። ብዙ ክለብ ያከራያል። ሪከርቭሽ ክንዶቹ (ከእጀታው በላይና በታች ያሉት የሚጎብጡት ክፍሎች) የሚፈቱ ዓይነት ከሆነ ክንዶቹን ብቻ መቀየር ይበቃል። ከዚያ ከገለባው ወይም ከስፖንጁ ዒላማ 3 ሜትር ቁሚ። ዒላማው ላይ ወረቀት አይለጠፍ። የሚመታ ነገር አይኑር። ፍላጻው በዚያ ርቀት ሊስት እንደማይችል ካረጋገጥሽ በኋላ፣ ገትረሽ ስትጨርሺ ዐይንሽን ጨፍኚና ልቀቂ።

ዐይን ሲጨፈን ሰውነት ይሰማል። ጎንሽን ለዒላማው ሰጥተሽ ቁሚ። ሌባ ጣት ከኖኩ በላይ፣ ሁለቱ ጣቶች ከታች። ገመዱን በጣት ጫፍ አትያዢው፤ የመጀመሪያው አንጓ ላይ ይረፍ። ስቢና የሌባ ጣትሽን ጫፍ የከንፈርሽ ዳር ላይ አሳርፊው። ሁልጊዜ እዚያው፣ አንድ ቦታ። አንዳንዱ የላይኛውን ክራንቻ ጥርሱን በጉንጩ በኩል እስኪነካ ይስባል። ይሄ የተሻለ ነው፤ ጥርስ እንደ ከንፈር አይለጠጥም። የምትስቢው በክንድሽ አይሁን። ጀርባሽ ላይ ያሉት ሁለቱ ሰፋፊ አጥንቶች ሲቀራረቡ ይሰማሽ። መልቀቅ ደግሞ ጣት መክፈት አይደለም። ጣቶችሽ መያዝ ሲተዉ ነው። በትክክል ከተለቀቀ እጅሽ ራሱ ጉንጭሽን እየታከከ ወደ ጆሮሽ ሥር ይሄዳል። ወደ ጎን ከወጣ ገመዱን ነጭተሽዋል ማለት ነው፤ ፍላጻው ወደ ግራ ይሄዳል። አየሽ፣ ግራው አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም ያለው።

በቀን 30 ፍላጻ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ለአንድ ወር። ከደከመሽ በ20ው አቁሚ። ድካም ላይ የተወረወረ ፍላጻ ክፉ ልማድ ነው የሚያስተምረው። ስንቱ ተማሪዬ ይሄን ወር ዘሎት፣ ከግማሽ ዓመት በኋላ ተመልሶ እንደጀመረው እኔ ነኝ የማውቀው።

ቤት ውስጥ መወርወር የለም። አፓርታማ ነው የምትኖሪው ብዬ ነው። ለቤት የስፖርት ላስቲክ ግዢና መስታወት ፊት ቆመሽ ሳቢ፣ ማረፊያሽን ፈልጊ። ቀስቱን ያለ ፍላጻ ገትረሽ ግን በጭራሽ እንዳትለቂ። ፍላጻው የሚወስደው ጉልበት በሙሉ ወደ እንጨቱ ይመለሳል፤ ቀስቱ ሊሰበር፣ አንቺንም ሊጎዳ ይችላል። ገትረሽ ቀስ ብለሽ መመለስ ግን ይቻላል።

ከወሩ በኋላ ወደ 8 ሜትር ሂጂ። 20 ሜትር ለምን እንደማይሆን በቁጥር ላሳይሽ። 40 ፓውንድ አካባቢ ያለ ሪከርቭ ፍላጻውን በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ይሰድደዋል እንበል። አየሩ የሚቀንሰውን ትተን እናስላ። 10 ሜትር ላይ ሲደርስ 0.2 ሰከንድ ይሆነዋል፤ በዚያ ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር ይወድቃል። 20 ሜትር ላይ 78 ሳንቲ ሜትር። 30 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ76። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ውድቀቱ አራት እጥፍ ነው። አሁን ጥቂት አሳጥረሽ ስበሽ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 47 ወረደ እንበል። 8 ሜትር ላይ ልዩነቱ 2 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። 20 ሜትር ላይ ግን 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። አንቺ ይሄን አይተሽ «ዐይኔ ነው የተሳሳተው» ትያለሽና በሚቀጥለው ፍላጻ እጅሽን ከፍ ታደርጊያለሽ። እሱን ደግሞ በደንብ ስበሽው ከሆነ ከላይ ያልፋል። አእምሮሽ ከዚህ ምን ይማራል? ምንም።

8 ሜትር ላይ ተጠጋግቶ ሲገባልሽ ወደ 12፣ ከዚያ ወደ 15 ሂጂ። በኋላ ግን አንድ ርቀት ላይ አትቁሚ። ይሄን ብዙ ሰው አያደርገውም። እኔ ያደግኩት ማሽላ በሚዘራበት ቆላ ነው። ግሪሳ ሲመጣ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ እንጠብቅ ነበር። ወፉ «እዚህ ቁሜልሃለሁ» አይልም። አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ፣ አንዱ ከኋላ። በወንጭፍ ያነጣጠረ ሰው አይቼ አላውቅም፤ የሚያነጣጥርበትም የለውም። ጎበዝ የነበሩት ልጆች ቀኑን ሙሉ በተለያየ ርቀት የሚወረውሩት ናቸው። ስለዚህ አንድ ፍላጻ ወርውሪ፣ ቦታ ቀይሪ፣ ሌላ ወርውሪ። ስድስት ፍላጻ ከአንድ ቦታ ከላክሽ ከሁለተኛው ጀምሮ ያለፈውን ማረም ነው የያዝሽው። እጅሽ መልመዱን የምታውቂው በመጀመሪያዋ ፍላጻ ነው። እኔ ተማሪ ሲመጣ የማየው እሷን ብቻ ነው፤ የቀሩትን አምስት ቡና እየጠጣሁ ነው የማሳልፋቸው።

ስለምታዪው ነገር ልመለስ። «ዒላማውን እዪ» ያሉሽ ግማሹን ነው የነገሩሽ። ዒላማ ትልቅ ነው። ማየት ያለብሽ አንዲት ነጥብ ነው፤ የወረቀቷን መሐል ሳይሆን መሐሉ ላይ ያለችውን የቀድሞ ፍላጻ ቀዳዳ። በ1911 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሮቪል አጠገብ ከጫካ ብቻውን የወጣ ኢሺ የሚባል የያሂ ጎሣ ሰው ነበር። ከሕዝቡ የተረፈ እሱ ብቻ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሳክስተን ፖፕ ከሚባል ሐኪም ጋር ተወዳጁ፤ ለሐኪሙም ቀስት አስተማረው። ፖፕ የጻፈው ያስገርማል። ኢሺ ድርጭት የምታህል ነገር በ20 ያርድ ሲመታ አይስትም ነበር ማለት ይቻላል። በ40 ያርድ ግን የአራት ጫማ ስፋት ያለውን ባለ ቀለም ዒላማ ሊስት ይችላል። ለምን ሲባል፣ ዒላማው በጣም ትልቅ ነው፣ ቀለበቶቹም ሐሳቤን ይበታትኑታል አለ። ፖፕም ልክ ነው ብሎ መሰከረለት። ኢሺ በ1916 ሞተ።

ሩቅ ከሄድን አይቀር፣ ጎረቤታችን ኑብያም አለች። ዓረቦች በሰባተኛው መቶ ዘመን ዶንጎላ ድረስ መጥተው ሲዋጉ ኑብያውያኑን «የዐይን ብሌን መቺዎች» ብለው ሰየሟቸው። ብዙ ዐይን ስላጠፉባቸው ነው። ሰውየውን አይደለም፣ ብሌኑን። አንቺ እንዲህ ክፉ መሆን የለብሽም፤ ግን ነገሩ ገብቶሻል።

ነጥቧን ስታዪ የፍላጻው ጫፍ ደብዘዝ ብሎ ከታች ይታይሻል። ይታይ። አታሳድጂው፣ አትመልከቺውም። «ሙሉ በሙሉ አላየውም» የሚሉትን አላምናቸውም። ዐይን ክፍት እስከሆነ ድረስ ጥግ ጥጉን ያያል። አንዳንዱ ሆን ብሎ በጫፉና በዒላማው መሐል ያለውን ክፍተት ይለካል፤ ጋፕ ይባላል። ነውር አይደለም። እንዲያውም ከ30 ሜትር በላይ ውድድር ከፈለግሽ እሱን እንድትማሪ ነው የምመክርሽ፤ ርቀቱ ሲበዛ የለመደ እጅም ይዋሻል። እስከ 20 ሜትር ድረስና በዱር መንገድ ላይ ለዒላማ ለሚቆሙት የፕላስቲክ አውሬዎች ግን እጅ በለመደው የሚያህል የለም። ደስታውም እሱ ውስጥ ነው። ይሄ የእኔ አድልዎ ነው።

አንድ ክፉ ነገር እንዳይዝሽ ላስጠንቅቅሽ። ዐይንሽ ነጥቧን ገና ሲያገኝ ጣትሽ ያለ ፈቃድሽ ሊለቅ ይሞክራል። መጥፎ በሽታ ነው፤ ትልልቆቹንም ይይዛል። መድኃኒቱ ያልተለቀቀ ፍላጻ ነው። ከአምስት አንዱን ገትረሽ፣ ነጥቧን አይተሽ፣ እስከ ሦስት ቆጥረሽ፣ ሳትለቂ ቀስ ብለሽ መልሺው። ሰውነትሽ «ማየት ማለት መልቀቅ አይደለም» ብሎ ይማራል።

ለ3 ወር የለመድሽበትን 40 ፓውንድ አትሽጪው። ዓመት ከሞላሽ በኋላ ትመለሺበታለሽ። ፍላጻውን ግን ያን ጊዜ በደንብ አስመርጪ፤ በአንቺ ስበት 700 አካባቢ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፣ እንደ ርዝመቱና እንደ ጫፉ ክብደት ይለያያል። ሁለት ሦስት ዓይነት ተውሰሽ ሳትሞክሪ ደርዘን አትግዢ።

ከወር በኋላ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። የዒላማውን ፎቶ ግን አትላኪልኝ። ሰው ከኋላሽ፣ በቀኝ ክርንሽ ትይዩ ቆሞ፣ ገትረሽ እስክትለቂ ድረስ ይቅረጽሽ። ሦስት ፍላጻ ይበቃኛል። ያን የዐይን ፈተናም ዛሬ ማታ ሞክሪውና የትኛው ዐይን እንደሆነ አብረሽ ጻፊልኝ።